ሆድ ይፍጀው

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ በሐምሌ ክረምት፣
ከምሽቱ በአራት ሰዓት
ስልክ መታ ማንሲያ፣ የወደቡ ኃላፊ፤
ድምፁ እንደ ነፋሱ ቀጭን፣ ጆሮ ገራፊ፦
«ኢስሜኒያ፣ ያ ሣጥንሽ ዛሬም ዲዳ ሆነ፤
‹ፋይሉ የለም› ይላል። ባሕሩ ግን አለ።»

ሣጥኑ፣ ምሰሶው ላይ በአራት ብሎን ታስሮ፣
የውሃውን ቁመት ለጀልባ የሚነግር ከሃያ ዓመት ጀምሮ፣
ሲከፈት ካርዱ ውስጥ ውስጡን ተቦርቡሮ፣
ጥርሶቹ አረንጓዴ፣ እንደ ከረመ መዳብ፤
በጨው የተበላ ሦስተኛው ነው ዘንድሮ።

ስትመለስ በረዳት፤ ተናደደች፤ አሰበች፤
«ውጭ ያስቀመጡት ሁሉ የጨው ነው» አለች።
«መጋዘን አይኑረው፣ ማኅደር አይኑረው፤
ያለውን በሙሉ እንግዲህ ሆድ ይፍጀው።»

ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ምድጃው ጥግ፣
ፋይሎቹን ተረተረች እንደ አሮጌ ሹራብ፦
የሙላትና የጉድለቱን ሠንጠረዥ፣
የፊደላቱን ቅርጽ፣
የአደጋውን ጩኸት።
ሁሉም ቁጥር ሆኑ፣ በነጠላ ሰረዝ ተያይዘው፣
ከዜሮ እስከ 255፣ ከዚያ የሚያልፍ የለም።
ጩኸቱ ብቻ ያስታውቃል፤ 128 ላይ ቆሞ
ወጣ ወረድ ይላል፣ ውሃ ይመስል።
ከላይ «የማይለወጥ» ብላ ጻፈችበት፤
ባሕር አይጽፍበትም ከእንግዲህ፤
እሷም፣ ነገ ሐሳቧ ቢለወጥ፣ አትጽፍበት።

ቀጥሎ ትንሽ መዝገብ፤ ሦስት ዓምድ፦
ስም፤ ከየት ይጀምራል፤ ስንት ነው ርዝመቱ።
በር የለ፣ ክፍል የለ፣ አይታይም ቤቱ፤
ግን እዝባር ተጽፎ ስም ከተጠራበት
ያ የዋህ ፕሮግራም ቤት የገባ መስሎት
ጫማውን ሊያወልቅ ምንም አይቀረው።
«ክፈቱልኝ» ሲል ቁጥር ይሰጡታል፤
«ላንብብ» ሲል ከገዛ ሆዱ ይቀዱለታል።
ከራሱ ተበድሮ
እንዲህ የሚያመሰግን አይቼ አላውቅም።

የምትጽፈው በሲ ነው።
በእኛ አፍ ሲ ብቻውን ቃል አይደለም፤
ሲመሽ እንላለን፣ ሲነጋ፣ ሲሞላ፣ ሲጎድል፤
ሲ ብሎ የሚያቆም ሰው የለም።
ግስ ይጠብቃል፣ እጁን ዘርግቶ፣
ገመድ እንደሚጠብቅ ሰው ወደብ ላይ ቆሞ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
አጠናቃሪው ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሁለቴ ከተቆጣት በኋላ፣
ከአሮጌው ካርድ ጥግ አንድ ፋይል አገኘች፣
ማንም ጠርቶት የማያውቅ።
የፌርሚን ኦያርሶ ነው፤ ከእሷ በፊት የነበረው፣
ጡረታው ሦስት ወር ሲቀረው ሳንባው የጣለው፦
«ለሚተካኝ። ሦስተኛው ብሎን ይላላል።
ሣጥኑን አትመነው ነፋሱ ከምዕራብ ሲ»

ከዚያ 255፣ 255፣ 255።
ግሱን ጨው በልቶታል።

ሲምን? ሲነሣ? ሲዞር? ሲተኛ?
ለማንሲያ ደወለች፤
«እዚህ አገር ነፋስ ከምዕራብ ካልሆነ
ከየት ሊመጣ ነው?» አለና ተመልሶ ተኛ።

የሚጠራው የለም። ማሽኑ አይፈልገውም።
ለዚያች ጥፍር ለማታክል ቺፕ
ጥቂት ባይትም ቦታ ነው።
አስገባችው።
ማብቂያ ዜሮ የለውም፤ ዝም ብለው ካነበቡት
አልፎ ከጎረቤቱ፣ ከአደጋው ጩኸት ይገባል፤
ስለዚህ ርዝመቱን ቆጥራ መዝገቡ ላይ አሰፈረች፣
እዚህ ይበቃል።
ጨው የበላውን ግን አልቆረጠችም፤
እሱም ከነቁጥሩ ገባ።

ጠዋት ሣጥኑ አፉን ፈታ፦
ሁለት ሜትር ከአርባ፣ እየጎደለ።
«ካርዱስ?» አለ ማንሲያ፣ ባዶውን ቀዳዳ አይቶ።
«ዋጠው» አለችው።
ሳቀ። ጀልባዎቹን ለቀቀ።

የከርሞው ሠንጠረዥ ሲመጣ
ይህን ሁሉ እንደገና ማጠናቀር ነው፣
የዋጠ አይተፋም፤
ያንን አልነገረችውም።
ከኪሷ መፍቻ አወጣች፣
ሦስተኛውን ብሎን ግማሽ ዙር አጠበቀች፣
ጓንቷን አጠለቀች።
ነፋሱ እንደ ወትሮው ከምዕራብ ነበር።